ፊውዝ የምትበላው ፒክአፕ

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች በአዲስ አበባ ከተመለከቱበት ዘመን አንሥቶ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በአገራችን አንድ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር በዙሪያው የሚሰበሰበው ሰው፣ ሊቁም ጨዋውም፣ ተሳፋሪውም አላፊ አግዳሚውም፣ ስለ ብልሽቱ ምክንያት አንዳች ቃል ሳይሰነዝር ማለፍን እንደ ነውር ሲቈጥረው ኖሯል። አንዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀረብ ይልና «ባትሪው ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው «አንድም ነዳጁ አልቋል» ሲል ያክላል፤ ሦስተኛው፣ ከሁሉ በኋላ መጥቶ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው፣ «አንድም ሞተሪኖው ተቃጥሏል፤ አንድም ቦቢናው ደክሟል» እያለ ትርጓሜውን ያሰፋዋል። የቆመችው መኪና የናፍጣ መኪና መሆኗንና የናፍጣ መኪና ደግሞ ቦቢና የሚባል ነገር በተፈጥሮዋ የሌላት መሆኑን ግን ከጉባኤው መካከል ተነሥቶ የሚያስታውስ አይገኝም። ሾፌሩም ራሱ፣ ሲሆን ሲሆን ጉባኤውን መበተን የሚገባው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉንም በየተራ ያዳምጣል፤ ባትሪውን ይነቀንቃል፣ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ ያሸታል፣ ጎማውን ሳይቀር በእግሩ ይመታል።

በዚህ ሁሉ አንድምታ መካከል ስሙ የማይነሣው ፊውዝ ነው። ስለ ምን እንደማይነሣ ብዙ ጊዜ ሳሰላስል ቆይቼ የደረስሁበት ነገር ቢኖር፣ በእኛ ዘንድ ብልሽት የሚከበረው በዋጋው ልክ መሆኑ ነው። ሞተሩ ወረደ የተባለለት ሰው በሰፈሩ ውስጥ ከሐዘንተኛ ያልተናነሰ ማጽናኛ ይቀርብለታል፤ ካምቢዮው የተሰበረበትም ቢሆን በየቡናው ላይ የሚያወራው ነገር አያጣም፤ «መኪናዬ ፊውዝ ተቃጥሎባት ቆመች» የሚል ሰው ግን፣ ከሚያገኘው ሐዘኔታ የሚያተርፈው ሳቅ ይበልጣልና፣ ነገሩን ሸፋፍኖ «የኤሌክትሪክ ችግር ነበር» ብሎ በጅምላ ማለፍን ይመርጣል። እንዲህም ሆኖ ከመኪና አካላት ሁሉ ሌላው እንዳይሞት ራሱ ይሞት ዘንድ ተለይቶ የተሠራ፣ ለዚህም የሰማዕትነት ግብሩ ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና የማያልፍ፣ ከፊውዝ በቀር ሌላ አላውቅም።

በዛሬው ፒክአፕ ውስጥ የፊውዝና የሪሌ ሣጥን በአብዛኛው በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ከኮፈኑ ሥር፣ ከባትሪው አጠገብ፣ ጥቁር ክዳን ደፍቶ የተቀመጠው ሲሆን ትልልቆቹን ፊውዞችና ከሪሌዎቹም የሚበዙትን የያዘ ነው፤ ይህ በቁም የሚታይ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም። ሁለተኛው በጋቢናው ውስጥ ከመሪው በታች፣ በሾፌሩ ግራ ጉልበት አካባቢ ተሸሽጎ የሚኖረው ነው። ይህን ሁለተኛውን ሊመለከት የወደደ ሰው በሩን ከፍቶ፣ በአስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን እስከ ፍሪሲዮኑ ፔዳል ድረስ ዝቅ ካደረገ በኋላ አንገቱን ወደ ላይ መጠምዘዝ ግድ ስለሚሆንበት፣ በዐቢይ ጾም ስግደት ወገቡን ያለማመደ ምእመን ይህን ሥራ ከሌላው ይልቅ በትዕግሥት እንደሚፈጽመው አያጠራጥርም። ቦርጭ የከበደው ባለጠጋ ግን ሣጥኑ መኖሩን በወሬ ብቻ ሰምቶ፣ አንድ ቀን እንኳ በዐይኑ ሳያየው መኪናውን ሸጦ ይገላገላል።

ከሣጥኑ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ የክዳኑ ነገር ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የትኛው ፊውዝ ለየትኛው መብራት፣ የትኛው ሪሌ ለክላክሱ፣ የትኛው ለማቀዝቀዣው እንደ ሆነ በሥዕልና በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ አጠገቡም ለመጠባበቂያ የተሰኩ ጥቂት ፊውዞችና ፊውዝ መንቀያ የሚሆን አንዲት የፕላስቲክ ወረንጦ ይኖራሉ። ወረንጦዋ በመጀመሪያው ዓመት ትጠፋለች፤ መጠባበቂያዎቹ በሁለተኛው ይወሰዳሉ፤ በመጨረሻ ክዳኑ ራሱ፣ አንድ መካኒክ ከፍቶ በፓራውልቱ ላይ ካሳረፈው በኋላ ሳይመልሰው ይቀርና መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ወይም ይባስ ብሎ የሌላ መኪና ክዳን በቦታው ይገጠምበታል። ክዳን የሌለው ሣጥን ቢያንስ ዝም ይላል፤ የሌላ መኪና ክዳን የደፋው ግን በሐሰት ይመሰክራል። ከጃፓን አገር አገልግላ ለመጣች መኪና ጽሑፉ በጃፓንኛ፣ ከዐረብ አገር በኩል ለመጣችው አንዳንድ ጊዜ በዐረብኛ መሆኑ ሳያንስ፣ እርሱኑም ማጥፋት በእውነቱ ግዝት የሚገባው ሥራ ነው።

ክዳን ጠፋ ማለት ግን ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ፊውዞቹ ራሳቸው ቀለም ለብሰዋልና። ቡናማው 7.5 አምፔር ነው፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ ነጩ ወይም ቀለም አልባው 25፣ አረንጓዴው 30 ነው። ይህ ሥርዐት በዓለም ላይ የታወቀ ሲሆን፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀለም እስከ ለየ ድረስ ቀዩን አውጥቶ በቀዩ ይተካ ዘንድ የተደነገገ ነው። ሆኖም በዕድሜ የገፉ ሰዎች በዚህ ረገድ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ በቀድሞ ጊዜ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እንደ ልብ ይታዩ በነበሩት እንደ ፊያት 600 (ሰይቼንቶ) ባሉት የአውሮፓ መኪኖች የሚገባው፣ ሁለት ጫፉ የሾለና በጀርባው ላይ ስስ የብረት ጥብጣብ የተጋደመበት ፊውዝ የራሱ ሌላ ሥርዐት ነበረውና። በዚያ ሥርዐት ቢጫው 5 አምፔር፣ ነጩ 8፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 ነበረ። ስለዚህ በወጣትነታቸው ሰይቼንቶ የነዱ አንድ አዛውንት «ቢጫው ትንሹ ነው» ብለው በልበ ሙሉነት ቢመክሩ፣ የዛሬው ቢጫ የያኔውን አራት እጥፍ የሚሸከም ስለ ሆነ፣ ምክራቸው ከአክብሮት ጋር ወደ ጎን ሊባል ይገባዋል።

ለቤት የሚሆነውን ፊውዝ ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1890 በስሙ እንዳስመዘገበ ይታወቃል፤ ዛሬ በየመኪናው ያለው ባለ ሁለት ምላሱ ዐይነት ግን በአሜሪካ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የፊውዝ ምሥጢር ግን አልተለወጠም። ይኸውም በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ሆነ ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ መሆኑ ነው። በቀዩ ፊውዝ ሆድ ውስጥ የምትታየው ቀጭን የዚንክ ቅስት፣ 10 አምፔር እስካለፈባት ድረስ ዝም ብላ ትኖራለች፤ ሸክሙ እጥፍ ሆኖ 20 ሲደርስባት ግን ከ5 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ቀልጣ ትበጠሳለች፤ በሾርት ጊዜ የሚመጣው ታላቅ ሸክም ሲሆንማ ዐይን ተርገብግቦ እስኪመለስ እንኳ አትቆይም። እንግዲህ ደግ ፊውዝ የሚባለው በጊዜው የሚሞተው ነው። አብዛኛው ሰው ግን ደግ ፊውዝ ማለት የማይቃጠለው እንደ ሆነ ያምናል፤ ከዚህ እምነት የተነሣ የደረሰው ጥፋት ተቈጥሮ አያልቅም።

ከነዚህ አማንያን አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ ከአድዓ ጤፍ የሚያመላልስባት አንዲት የጃፓን ሥሪት ደብል ጋቢና ፒክአፕና አፉ ከአሥር አፍ የሚበልጥ አንድ ሾፌር አለው። ከዕለታት አንድ ቀን ማምሻውን የፒክአፒቱ የኋላ መብራቶች፣ የታርጋው መብራትና በመሪው ፊት ያሉት የሰዓቶቹ ብርሃን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ባንድ ቅጽበት ሲጠፉ፣ አምፑሎች ተመካክረው አይሞቱምና፣ ሦስቱም የሚጠጡበት አንድ ምንጭ መድረቁን ማሰብ የተገባ ነበር፤ ሾፌሩም በሚገባ አሰበው፤ ቀዩን ፊውዝ ነቅሎ ተቃጥሎ አገኘው፤ በሌላ ቀይ ተካው፤ መብራቱም በራ፤ ጥቂት መንገድ እንደ ሄዱም ከአንድ ጉድጓድ ሲገቡ እንደ ገና ጠፋ።

እስከዚህ ድረስ ሾፌሩን የሚነቅፍ የለም። ከዚህ በኋላ ያደረገው ግን ሹም ሽር ነበር። ቀዩን ሽሮ ሰማያዊውን ሾመ፤ ሰማያዊውም ሲቃጠል ቢጫውን አስነሥቶ በቦታው አስቀመጠ፤ ቢጫውም በተራው ሲያልቅ፣ ከዚያ የሚበልጥ ከእጁ ስላልነበረ፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት አጣጥፎ በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠቀለለና መልሶ ሰካው። መብራቱ በራ። ሾፌሩም «አሁን እንግዲህ ይቃጠል እንደ ሆነ አያለሁ» አለ። በእውነትም ፊውዙ አልተቃጠለም፤ የተቃጠለው ሽቦው ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር እንደ ዕጣን ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጢስ ታየ፤ የፕላስቲክ ክርፋትም ጋቢናውን ሞላው፤ የአክስቴ ልጅ ጤፉን ትቶ ራሱን ለማዳን በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ሾፌሩም የማይካድ ጀግንነት አሳይቶ ብርማውን ወረቀት በባዶ ጣቱ መንጥቆ አወጣው። ጣቱን ለማየት ለጠየቀው ሁሉ ለብዙ ጊዜ ሲያሳይ ነበር።

ነገሩን በሒሳብ ላየው ሰው ይህ ሁሉ ባልደረሰ። የኋላ መብራት አምፑል አንዱ 5 ዋት ነው፤ የኋላ ሁለቱ፣ የፊት ትንንሾቹ ሁለቱና የታርጋው ተደምረው 25 ዋት ቢሆኑ፣ ለ12 ቮልት ሲካፈሉ የሚጠጡት ከ2 አምፔር ብዙም አያልፍም። 10 አምፔር የሚሸከም ፊውዝ በ2 አምፔር ሥራ ላይ ደጋግሞ ከሞተ፣ መብራቶቹ አብዝተው ጠጡ ማለት ሳይሆን፣ በመንገድ ላይ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ወደ ማሳ ገብቷል ማለት ነው። ጉድጓድ ሲገቡ መሞቱም ሌላ ምስክር ነበረ። የሞተውን እየቀበሩ ገዳዩን ሳይጠይቁ ሌላ ጠንካራ መተካት ግን ለገዳዩ መንገድ መጥረግ ነው።

መኪናዋ በመጨረሻ ሶማሌ ተራ አካባቢ ወዳለ አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ቀረበች፤ እኔም በዝምድና ግዴታ ተከትዬ ሄድሁ። ኤሌትሪሺያኑ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ሲያየው ፊቱን ከሰከሰ፤ በእርሱ አስተያየት የኤሌክትሪክ ዕውቀት ከሽበት ጋር የሚመጣ ጸጋ ነውና።

«አባትህ የሉም እንዴ?» አለው።

«የሉም ጋሼ፤ እኔ ነኝ የምሠራው» አለ ልጁ፤ በዚያውም ቴስተሩን አነሣ። ቴስተር የሚሉት በካቻቢቴ እጀታ ውስጥ ትንሽ አምፑል የገባበት፣ ከኋላው ረጅም ሽቦና መቆንጠጫ ያለው መሣሪያ ነው። መቆንጠጫውን በበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ አሰረ፤ በመጀመሪያም ራሱን ቴስተሩን በባትሪው ላይ ሞክሮ መብራቱን አረጋገጠ። ይህን ነገር በአድናቆት ተመለከትሁት፤ ምስክርን ከመስማት በፊት ምስክሩ ራሱ የታመነ መሆኑን የሚመረምር ዳኛ ሁልጊዜ አይገኝምና። ከዚያ ትንንሾቹን መብራቶች እንዲከፍት ሾፌሩን አዘዘና ተንበርክኮ ገባ።

በእያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባ ላይ፣ ቁጥሩ ከተጻፈበት ግራና ቀኝ፣ የስፒል ጫፍ የምታህል ሁለት የብረት ነጥቦች ብቅ ብለው ይታያሉ። ቴስተሩ በሁለቱም ላይ ከበራ ፊውዙ ደኅና ነው፤ በአንደኛው በርቶ በሌላው ካልበራ ተቃጥሏል፤ በሁለቱም ካልበራ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከመጀመሪያውም ወደ እርሱ አልደረሰም፤ ምናልባትም ቁልፉ አልተከፈተም። ፊውዝ ሳይነቀል የሚመረመረው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ እየነቀሉ በፀሐይ አንጻር ከማየት ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛው ፊውዙን ከቦታው አለማደባለቅ ነው፤ ሁለተኛው፣ ለዐይን ደኅና የሚመስል ነገር ግን ቅስቱ ከሥሩ የተሰነጠቀ አሳሳች ፊውዝ አልፎ አልፎ ስለሚገኝ ከእርሱ ስሕተት መዳን ነው። ልጁ ሁሉንም በተራ ነካ ነካ አደረጋቸው። የሌሎቹ ሁሉ በራ። ብርማው ወረቀት የነበረበትን ቦታ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው፤ ሁለቱ ጥፍሮች ጠቁረው፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ እንደ ሰም ተንጠባጥቦ ነበር።

«ይቺን ማን ነው የጠቀለላት?»

ሾፌሩ ወደ ሰማይ ተመለከተ።

ልጁ ፊውዝ አልሰካም። በፊውዙ ቦታ ከሁለት ሽቦዎች ጋር የተበየደ የፍሬቻ አምፑል፣ ባለ 21 ዋቱን፣ አስገባ፤ የኋላ፣ የፊትና የታርጋውን ትንንሽ አምፑሎችም አንድ በአንድ ነቀላቸው። የፍሬቻው አምፑል ወዲያው ቦግ ብሎ በራ። እኔም በዚህ ጊዜ የጥበቡ ነገር ገባኝ፤ አምፑሎቹ ሁሉ ተነቅለው ሳለ ኤሌክትሪኩ አሁንም የሚሄድበት አገኘ ማለት፣ የሚሄድበት መንገድ የተከለከለ መንገድ ነው፤ የሚበራውም አምፑል ይህን እየመሰከረ፣ ራሱ ሳይቃጠል ሽቦውም ሳይግል እንደ ልብ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። በዚያች ሰዓት ሊቃጠል የሚችለው ፊውዝ ስንት እንደሚሆን ያሰበ የእህል ነጋዴ ቢኖር ኖሮ ልጁን በሳመው ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ቁጭ ይበሉና አምፑሏን ይጠብቁልኝ፤ የጠፋች እንደ ሆነ ይጩኹ» አለኝ። በዕድሜዬ ብዙ ሹመት ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ይህችን ግን በክብር ተቀበልሁ። ልጁ ከኮፈኑ ጀምሮ የሽቦውን ጥቅል እየነቀነቀ፣ በጋቢናው ወለል ዳር በኩል፣ ከዚያም ከመኪናዋ ሥር በጀርባው እየተንፏቀቀ ወደ ኋላ ሄደ። አምፑሏ አልተናወጠችም። የአክስቴ ልጅ በመስኮቱ ብቅ እያለ «በራች?» ይለኛል፤ «በርታለች» እለዋለሁ፤ መብራቷ ደስ የሚያሰኝ ነገር ስለ መሰለው «እሰይ!» ይላል። ክፋቱ መብራቷ እንደ ሆነ ላስረዳው ሞከርሁ፤ መብራት ሲበራ የሚያዝን ሰው ግን በሕይወቱ አይቶ ስለማያውቅ አልተቀበለኝም።

ድንገት አምፑሏ ርግብ ርግብ ብላ ጠፋች። እንደ ታዘዝሁት ጮኽሁ፤ ከሥራው ብዛት የተነሣ ከሚገባው በላይ ስለ ጮኽሁ በአካባቢው የነበሩ ሰዎች እሳት የተነሣ መስሏቸው መጡ። ልጁ ከካሶኒው ሥር «አገኘኋት!» አለ። ወርጄ ተጎንብሼ ተመለከትሁ። ስኮርታ ጎማው በተሰቀለበት ብረት አጠገብ፣ የሽቦው ጥቅል ከማሰሪያው ወጥቶ በሻንሲው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መኪናዋ ጤፍ ተሸክማ በጉድጓድ በተናወጠች ቁጥር ጎማው እየገፋው ከጠርዙ ጋር ሲፋተግ ኖሮ፣ የአንዱ ሽቦ ልባስ የጤፍ ቅንጣት ተደርድሮ በሚሸፍነው መጠን ተልጦ ቀይ መዳቡ ያበራል። ያንን ሁሉ ጢስና ጀግንነት ያመጣው ይህ ነበር። ልጁ የተጎዳውን ቆርጦ በአዲስ ቀጠለ፤ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ አልተወውም፤ የፕላስቲክ ቱቦ አልብሶ ከጎማው ራቅ አድርጎ አሰረው። ከዳሽቦርዱ ሥር የቀለጠውንም ለውጦ ቀዩን፣ 10 አምፔሩን፣ በቦታው መለሰ።

የአክስቴ ልጅ ግን ነገር በዚህ አይበቃውም፤ «እግረ መንገድህን ፓውዛውንም እይልኝ» አለ። በፓራውልቱ ላይ ለሌሊት መንገድ ያሠራቸው አራት ፓውዛዎች ነበሩ፤ ማብሪያ ማጥፊያቸው ከጋለ ድስት የበለጠ እየፈጀ ማንም በባዶ እጁ አይነካውም ነበር። እዚህ ላይ ስለ ሪሌ መናገር ግድ ይሆናል። በቀድሞው የመኳንንት ግቢ ጌታው ከአልጋው ሳይነሣ በዝግታ አንዲት ቃል ይናገራል፤ ቃሏን የሰማ አጋፋሪ ሄዶ ከባዱን መዝጊያ ይከፍታል፤ ሕዝቡም ይገባል፤ ጌታው በገዛ ክንዱ በር ሲከፍት አይታይም። ሪሌም አጋፋሪ ነው። ባለ አራት እግሩ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 85 እና 86 የጌታው ቃል የሚሰማባቸው ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ከአምፔር ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ጠጥቶ ማግኔት ይሆናል፤ ማግኔቱም «ጠቅ!» ብሎ ውስጣዊውን ምላስ ሲስብ፣ ከባትሪው በ30 የመጣው ትልቁ ኤሌክትሪክ በ87 አልፎ ወደ መብራቱ ወይም ወደ ክላክሱ ይሄዳል። የዚህን ብልሃት ነገር አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1835 እንዳሳየ ይነገርለታል።

የአክስቴ ልጅ መኪና ላይ ፓውዛውን የገጠመለት ሰው አጋፋሪውን አስቀርቶ ጌታውን ራሱን በረኛ አድርጎት ነበር። አራቱ ባለ 55 ዋት ፓውዛዎች ተደምረው 220 ዋት፣ ማለትም ከ18 አምፔር በላይ ስለሚጠጡ፣ ይህ ሁሉ በዚያች ሚጢጢ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ሲጎርፍ መጋሏ አይደንቅም፤ የሚደንቀው እስከዚያ ቀን መቆየቷ ነው። ልጁ ሪሌ ገጠመ፤ ከባትሪው አጠገብም ለብቻው ነጭ ፊውዝ ሰጠው።

ሪሌ ታሞ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ጣትን በሪሌው ላይ አሳርፎ ክላክሱን ማስጫን ነው። «ጠቅ» ብሎ ጣትን ከነካና ክላክሱ ዝም ካለ፣ አጋፋሪው ተነሥቷል፤ ግን ወይ በሩ አልተከፈተለትም፣ ምላሱ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ወይም ከበሩ ወዲያ ያለው ክላክስ ራሱ ሞቷል። «ጠቅ» ካላለ ደግሞ ወይ እርሱ ደንቁሯል፣ ወይ የጌታው ቃል አልደረሰውም። በዚህ ጊዜ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን በቁጥርም በመልክም አንድ የሆነ ጎረቤቱን ነቅሎ በቦታው መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን መልካቸው አንድ ሆኖ የውስጥ አሠራራቸው የተለየ ሪሌዎች ስላሉ፣ በጀርባቸው ላይ የተሣለውን ሥዕል ሳያመሳክሩ መለዋወጥ አይገባም።

ሥራው አልቆ ወደ ሒሳብ በተደረሰ ጊዜ፣ እንደ ፈራሁት፣ የአክስቴ ልጅ «ለአንዲት ቀይ ፊውዝ ይህን ያህል?» ብሎ ተነሣ። ልጁ የቀለጠውን ሽቦ፣ ሪሌውን፣ ቱቦውን አንድ በአንድ ዘረዘረለት፤ እርሱ ግን የሚታየው ፊውዟ ብቻ ነበረች። ጤፍ ሲሸጥ የማይቀንሰው ሰው፣ ልጁ ጥቂት ቀንሶለት ከፈለ፤ ከፈለና ምርቃት ጠየቀ። ልጁም ከሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ ቆጥሮ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው።

«አረንጓዴውስ? እርሱ ከሁሉም ጠንካራ ነው አሉኝ» አለ የአክስቴ ልጅ።

«አረንጓዴ ለእርስዎ አልሰጥም ጋሼ» አለ ልጁ፤ ቀጥሎም ወደ ሾፌሩ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «አንተም ያቺን ብርማ ወረቀት ወዲህ በላት።»

ሾፌሩ ጥቂት አንገራገረና ከደረት ኪሱ አንድ የሲጋራ ፓኮ አውጥቶ አስረከበው። ፓኮው አልተከፈተም ነበር። ለካስ ሾፌሩ ሲጋራ አያጨስም።